ያላየሁት ሠላሳ ሰባት ሜትር

አብሺርን መጀመሪያ ያየሁት በመሠረተ ትምህርት ክፍላችን በር ላይ፣ ድስት የመሰለ ነገር በብብቱ ይዞ ሲገባ ነው። ጊዜው 1972 ዓ.ም. ኅዳር ወር ነበር። እኔ ቀኑን ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ሎሚና ቃሪያ ስሸጥ እውልና በአሥር ሰዓት ልጄን ፋርሒያን ይዤ ወደ ቀበሌው አዳራሽ እሄዳለሁ።

ጎረቤቴ ቢሻሮ ሰው ሳትነካ መዋል አትችልም።

«ዋሪያ፣ ራትህን ከነድስቱ ይዘህ መጣህ እንዴ?» አለችው።

«አቦ፣ ይሄ እኮ ጭንቅላቴ ነው» አለና ገልብጦ አሳየን። የሞተር ሳይክል ሄልሜት ነበር።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ቀኝ እጁ በጨርቅ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ባዶ ቦታ የነበረው እኔ አጠገብ ብቻ ስለሆነ መጥቶ ተቀመጠ። በግራ እጁ ሊጽፍ ሲሞክር ደብተሩ እየተንሸራተተ ይወድቃል። ሦስት ጊዜ አነሣሁለት። በአራተኛው በመዳፌ ያዝኩለት።

«አመሰግናለሁ፣ አባዮ» አለኝ ቀስ ብሎ። በሶማሊኛ እኅቴ ማለቱ ነው።

ለሦስት ሳምንት ደብተሩን ያዝኩለት። እጁ ድኖ ጨርቁ ከተፈታ በኋላም መያዜን አላቆምኩም። እሱም ተይ አላለኝም...

ከክፍል ስንወጣ ሞተሩን እየገፋ እስከ ቤቴ ይሸኘናል። ቤንዚን በራሽን ስለነበር ከመንዳት መግፋቱ ይበዛ ነበር። ታሪኩን የነገረኝ በመንገድ ላይ ነው። ጅቡቲ ውስጥ ከአንድ የፈረንሳዮች የትርኢት ቡድን ጋር አሥራ አንድ ዓመት ሞተር እየዘለለ ኖሯል። እንጀራው ይኸው ነበር፤ በበርሜሎች ላይ፣ በተደረደሩ መኪናዎች ላይ መዝለል። ቡድኑ ሲበተን ድሬዳዋ ተመልሶ መጋላ ውስጥ ሞተር ጠጋኝ ሆነ። የቡድኑ አለቃ የነገረው አንድ ነገር ግን ከልቡ አልወጣም። በእንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር በዓለም ላይ ማንም ከሠላሳ ስድስት ሜትር በላይ አልዘለለም። አብሺር አንድ ጊዜ ሠላሳ አምስት ዘልሏል። እጁ የተሰበረውም ሠላሳ ስድስትን ሲሞክር ነው።

እኔ ይህን ስሰማ ፋርሒያን ወደ እኔ አስጠጋታለሁ። ባሌ አብዲራህማን የባቡር ሠራተኛ ነበር። በስልሳ ዘጠኙ ጦርነት ጠዋት ሻይ ጠጥቶ ወጣ፣ ከሰዓት በሰው ትከሻ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ፋርሒያ በርጩማ ላይ ስትቆም እንኳን እደነግጣለሁ። ከከተማው ወንድ ሁሉ መርጬ የምወደው ደግሞ ሞተር የሚዘል ሰው ሆነ!

ታኅሣሥ ላይ ከክፍል ስንወጣ የታጠፈ ወረቀት በእጄ አስያዘኝና ምንም ሳይል ሄደ። በስሜ የተጻፈ የመጀመሪያ ደብዳቤዬ ነው። ቤቴ ገብቼ በር ዘግቼ፣ ፊደል በፊደል ለብቻዬ አነበብኩት።

«ሃሊሞ። ዓርብ በስምንት ሰዓት ደቻቱ ወንዝ ላይ እርምጃ እንወስዳለን። ነይ። ሌላ ሰው እንዳታመጪ።»

ማንበብ በመቻሌ ደስ አለኝ። ሁለተኛ ስመለስበት ግን እርምጃ የሚለው ላይ ቆምኩ። በዚያ ዘመን የኖረ ሰው እርምጃ ምን እንደሆነ ያውቃል። በሬዲዮ እርምጃ ተወሰደበት ከተባለ ያ ሰው ተገድሏል ማለት ነው። የሁለት የሠፈራችን ልጆች ስም ከዚህ ቃል ጋር ሲነበብ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ይህ ሰው ካድሬ ነው ማለት ነው? ምን አጥፍቼ ይሆን? ሳስብ ሳስብ ክፍል ውስጥ ስለ ስኳር ሰልፍ ያማረርኩት ትዝ አለኝ። በቃ፣ እሱ ነው አልኩ። በማግስቱ ፋርሒያን ይዤ መልካ ጀብዱ አክስቴ ቤት ገባሁ። አራት ቀን ከቤት አልወጣሁም። ሎሚዬ በጆንያ እንዳለ ተበላሸ።

በአምስተኛው ቀን ቢሻሮ ከቀበሌ ማንም እንዳልፈለገኝ ልካ ስላስታወቀችኝ ተመለስኩ። ቀፊራ ስደርስ አብሺር መደቤ አጠገብ ቆሟል። ፊቱ ጠቁሯል።

«አልፈልግህም ብትይኝ ይሻል ነበር» አለኝ። «እስኪመሽ አሸዋ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩሽ። ወላሂ፣ ፍየሎቹ እንኳን አዘኑልኝ።»

ወረቀቱን ከደረቴ አውጥቼ ዘረጋሁለት።

«እርምጃውን የምትወስዱት እኔ ላይ ነው? ልጅ አለችኝ እኮ፣ አብሺር...»

ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የራሱን ጽሑፍ አነበበ። ደግሞ አነበበ። ከዚያ እጁን አናቱ ላይ ጭኖ ሣጥኔ ላይ ቁጭ አለ።

«በእግር ልንቆጥር ነበር» አለ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሞተሩ የሚንደረደርበትን። በሶማሊኛ ስንራመድ እርምጃ እንወስዳለን ነው የምንለው። በአማርኛም እንዲሁ መስሎኝ...»

ቢሻሮ ከጎን መደብ ሆና ሽንኩርቷ እስኪበተን ሳቀች። ሴት በእርምጃ ሲያጭ ያየችው የመጀመሪያው ወንድ እሱ መሆኑን ለገበያው ሁሉ ነገረች። እኔም ሳቅኩ። ስስቅ ቆይቼ አለቀስኩ።

ለምን እንደፈለገኝ ያን ጊዜ ነገረኝ። ጥር ላይ ቀበሌው በስፖርት ትርኢት ስም ደቻቱ አሸዋ ላይ እንዲዘል ፈቅዶለታል። ዝላዩ ጅቡቲ ባለው የሞተር ማኅበር እንዲመዘገብ ሁለት ምስክሮች በዓይናቸው አይተው መፈረም አለባቸው። የጣት አሻራ አይቀበሉም። የምስክሮቹም ስም ቀደም ብሎ ጅቡቲ ይላካል፣ ከተላከ አይቀየርም። አንዱ ጓድ ተሰማ፣ አስተማሪያችን ነው።

«ሁለተኛዋ አንቺ ሁኚልኝ» አለ። «ሠላሳ ስድስትን ባለፍኩ በሳምንቱ አጎትሽ ጋ ሽማግሌ እልካለሁ።»

«ካላለፍክስ?»

«ካላለፍኩ ምን ይዤ እመጣለሁ? ሌላ ምንም የለኝም።»

እሺ አልኩት። ስሜ ከተሰማ ስም ጋር በባቡር ጅቡቲ ሄደ።

የዝላዩ ቀን ድልድዩ በሰው ተሞላ። ደቻቱ ደርቆ አሸዋው ነጭ ሆኗል። በዚህ በኩል በድንጋይና በአሮጌ ጣውላ የተሠራ መነሻ፣ በዚያ በኩል የተደለደለ አፈር አለ። እኔ ማረፊያው አጠገብ የፋርሒያን እጅ ይዤ ቆምኩ። አብሺር ሄልሜቱን ከማጥለቁ በፊት ወደ እኔ መጣ።

«ሃሊሞ፣ ሌላው ሰው እኔን ይይ። አንቺ ጎማው መሬት ሲነካ ብቻ እይልኝ።»

አያለሁ ብዬ ቃል ገባሁለት።

ሞተሩ ከሩቅ ጮኸ፣ ቀረበ፣ ጣውላው ተንጓጓ። ከዚያ የጣውላው ድምፅ ቀጥ አለ። ዓይኔን እኔ አልጨፈንኩትም... ራሱ ተጨፈነ። ስገልጠው አብሺር አቧራ ውስጥ በእግሩ ቆሟል። የፊት ጎማው ተጣምሟል፤ ሰው ከድልድዩ እየተንጋጋ ይወርዳል።

የሜትሩን ጫፍ የያዝኩት እኔ ነኝ። ጎማው አፈሩን የቀደደበት ምልክት ጥርት ብሎ ይታያል። ሠላሳ ሰባት ሜትር ከሩብ። ተሰማ ሁለት ጊዜ ለካው።

አብሺር ወረቀቱን የሞተሩ ወንበር ላይ ዘረጋ። በፈረንሳይኛ የተጻፈውን ወደ አማርኛ መልሶ ነገረን፦ ሞተሩ መሬት ሲነካ በዓይኔ አይቻለሁ። ተሰማ ፈርሞ እስክሪብቶውን ሰጠኝ። እጄ አልሄደም።

«አላየሁም» አልኩ።

ተሰማ የቀለድኩ መስሎት ነበር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መቶ ሰው እንዳየ፣ ምልክቱም እዚያው እንዳለ፣ አንዲት ጭረት ብቻ እንደሚበቃ ነገረኝ። እውነቱን ነው። አብሺር ግን ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«መለካቱን ለክቻለሁ» አልኩት። «ሲነካ ግን ዓይኔ ተጨፍኖ ነበር። ማረኝ።»

ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ጎማው የተጣመመ ሞተሩን እየጎተተ ሄደ።

ሁለት ሳምንት ክፍል አልመጣም። ቢሻሮ በአንዲት ጭረት ባል አጣሽ ትለኛለች። ማንም ያላወቀውን ለእሷ ብቻ ነገርኳት። አብዲራህማን የሞተ ጊዜ አንድ ሰው ወረቀት አምጥቶ አውራ ጣቴን ቀለም ውስጥ ነክሮ አስፈረመኝ። ወረቀቱ ምን እንደሚል እስከ ዛሬ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት እንደዚያ ያለ ወረቀት ደግሜ እንዳልነካ ነው። ቢሻሮ ሰምታ ሽንኩርቷን መላጥ ጀመረች። እኔ ግን ልክ በመሆኔ አልተጽናናሁም። ማታ ማታ ልጄን አስተኝቼ በሩን እያየሁ እቀመጥ ነበር። ድካም አጥንቴ ድረስ ገባ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አብሺር ቀፊራ መጣ። በእግሩ ነው የመጣው። ሣጥኑ ላይ ተቀመጠና አንድ ሎሚ አንሥቶ አገላበጠ።

«ወረቀቱን በተሰማ ፊርማ ብቻ ልኬው ነበር፤ ከጅቡቲ መልስ መጣ» አለ። «የአንዱ ምስክር ፊርማ ስለጎደለ አልመዘገቡትም። በዓመት ውስጥ ደግመህ ዝለል ብለውኛል።»

ሎሚዎቼን በጆንያ ሸፈንኩ።

«ሃሊሞ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትሳቂብኝ።» ወደ እኔ ጠጋ አለ። «እኔም አላየሁትም።»

«ምኑን?»

«ዝላዩን። አየር ላይ ስወጣ ዓይኔ ይጨፈናል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ... አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዱንም አላየሁም። እፈራለሁ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን እንቢ ስትዪኝ ተናድጄ ነበር። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን እኔ ራሴ ምስክር ብሆን መፈረም አልችልም።»

የገበያው ሰው በመካከላችን ያልፋል፣ ሎሚ ስንት ነው ይላል፤ አልመለስኩም።

«ደክሞኛል» አለ። «ልድገመው?»

አትድገመው የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩት።

«እሱን አንተ ታውቃለህ። ብትዘል ቆሜ አላይም፣ አልችልም። ባትዘል ደግሞ አንድም ቀን ስለ መዝገቡ አላነሣብህም።»

«ያለ መዝገቡ ምን ይዤ ነው አጎትሽ ጋ የምመጣው?»

«ያንኑ የደከመ ሰው ይዘህ ና» አልኩት። «እኔ ቤትም አንድ የደከመች አለች።»

ሳቀ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

በሳምንቱ አብሺር ሽማግሌዎች ይዞ አጎቴ ቤት መጣ። እኔ ከፋርሒያ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ። አጎቴ ጉሮሮውን ጠርጎ ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከተማው ሁሉ ስለሚያወራው ዝላይ ሊጀምር ሲል አብሺር ራሱ ቀደመው።

«ሞተር እጠግናለሁ» አለ። ሌላ አልጨመረም።

ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ነበር፤ ከባሌ ሞት ወዲህ ያልመጣልኝ ከባድ እንቅልፍ ወሰደኝ። ፋርሒያ ትከሻዬን ይዛ ነቀነቀችኝ።

«እማ፣ ተነሺ» አለችኝ በሹክሹክታ። «እሺ ተባለ እኮ።»