ሰማያዊዋ ባልዲ

ሰማያዊዋ ባልዲ ምስማሯ ላይ አልነበረችም።

ይህን ያስተዋልኩት ግን ከረፈደ በኋላ ነው...

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የደረሰብኝን ነው የምጽፈው። ድሮ ቢሆን በልጄ እምልላችሁ ነበር። አሁን ግን... ተዉት።

ወሩ ነሐሴ፣ ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት። ቦታው እዚሁ ማልታ አጠገብ ያለችው ጎዞ ደሴት፣ የባለቤቴ አያት በሠሩት የድንጋይ ቤት።

በእኛ መንደር የበር ቁልፍ ከውጭ እንደተሰካ ነው የሚውለው። ጎረቤት ሳያንኳኳ አዙሮ ይገባል። ቁልፉን የነቀለ ሰው ጎረቤቱን ሌባ እንዳለ ይቆጠራል።

እኔ ፈሪ ነኝ። ልጄ ካሳለች የሳንባ ምች ነው እላለሁ። ባሌ ከዘገየ መርከቡ ሰጥሟል እላለሁ። ስለዚህ የስድስት ዓመቷን ሮዛንን አንድ ነገር ደጋግሜ አስተምሬያታለሁ፦

«ቤት ውስጥ የማታውቂው ሰው ካየሽ አትግቢ። በሩን ሳቢ፣ ቁልፉን ሁለቴ አዙሪ፣ ሩጪ።»

ፎቁን ለእንግዳ እናከራያለን። በዚያ ሳምንት የያዙት ወይዘሮ ኢልዜ የሚባሉ ብቸኛ ሴት ነበሩ።

«ለባሕሩ፣ ለጥንቱ ቤተ መቅደስ፣ ለምግባችሁም ነው የመጣሁት» አሉኝ።

ግን ሦስት ቀን ሙሉ ከግቢ አልወጡም። ያቀረብኩላቸው የበግ አይብ እንዳለ ደረቀ። ቁጭ ብለው ሮዛንን ብቻ ያያሉ።

«በየትኛው ጎኗ ነው የምትተኛው?» አሉኝ አንድ ቀን።

«በቀኝ» አልኩ። ምን ክፋት አለው ብዬ...

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሙቀቱ አልቻል ሲል ከሮዛን ጋር ጋደም አልን። ስምንት ሰዓት ላይ የደብሩ በዓል ርችት ግድግዳውን ሲያናጋው ነቃሁ።

ሮዛን ርችት ስትሰማ ብብቴ ሥር ነው የምትገባው። ያን ቀን ግን አልተነቃነቀችም። ጀርባዋን ሰጥታኛለች።

በግራ ጎኗ ነው የተኛችው።

«አልፈራሽም?»

«አልፈራሁም።»

«ተነሺ፣ የለውዝ ከረሜላ ልግዛልሽ።»

ሳምንቱን ሙሉ ስታስለቅሰኝ የከረመችው በዚያ ከረሜላ ነው።

«አልፈልግም።»

ግንባሯን ነካሁ። እንደ ጉድጓድ ድንጋይ ይቀዘቅዛል።

ሐኪም ጋ ልወስዳት ተነስቼ የውጭውን በር ሳብኩ።

አልተከፈተም።

ከውጭ ተቆልፏል። ሮዛን አሸዋ የምትጫወትባት ሰማያዊዋ ባልዲ ከበሩ ጎን ካለው ምስማር ላይ እንደሌለች ያየሁትም ያኔ ነው።

መስኮቶቹ ሁሉ የብረት ፍርግርግ አላቸው። ጮህኩ። በጮህኩ ቁጥር ርችቱ ድምፄን ዋጠው። መንደሩ በሙሉ ቤተ ክርስቲያን አደባባይ ላይ ነው።

በመጨረሻ የፊት ለፊት ጎረቤቴ፣ እማማ ቸንሳ፣ ከዘራቸውን እየጎተቱ መጡ።

«አንቺ ማርቴዝ! በበዓሉ ቀን ቅዱሱን ልታስበረግጊው ነው?»

«እማማ፣ እባክዎ ቁልፉን ያዙሩልኝ!»

«የቱን ቁልፍ? ምንም የለም እኮ... እንግዳሽ ይዘውት ሄደው ነዋ! የከተማ ሰው፣ ካልቆለፈ አይሄድ። ሰባት ሰዓት ላይ ወደ ራምላ ባሕር ዳርቻ ሲወርዱ አይቻቸዋለሁ። ሮዛንን እጇን ይዘው።»

«...ማንን?»

«ልጅሽን ነዋ! ባልዲዋን እያንኳኳች። ሰላም እንኳ አላለችኝም፣ ባለጌ!»

ዞር አልኩ። ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

«እማማ...» ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። «ሮዛን እኮ... እዚህ ናት።»

እማማ ቸንሳ ፊታቸውን ፍርግርጉ ላይ ለጥፈው ወደ ውስጥ አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ።

ከዚያ አማተቡ። ወደ ኋላ ወደ ኋላ እያሉ ሄዱ። ከዘራቸው መስኮቱ ሥር ቀረ።

ባሌ ዜፒ የሚሠራው ወደ ማልታ ሰው የሚያመላልሰው መርከብ ላይ ነው። ስልኩን ያነሳው አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነበር።

«ዜፒ፣ እንግዳችን...»

«አሁን ማልታ ወረዱ። ሻንጣቸውን ራሴ አወረድኩላቸው።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻቸውን። ምነው? ዛሬ ደግሞ ማንን ገደልሽብኝ?» ሳቀ።

«ተቆልፎብኛል። ሮዛን...»

«ሮዛን የት ናት?»

«...አጠገቤ።»

«ታዲያ አጠገብሽ ካለች ማንን ልፈልግልሽ? በመጨረሻው መርከብ እመጣለሁ። አይዞሽ።»

ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ቀረን። በሩን ተደግፌ ቆምኩ። እሷ ከአልጋው አልተነሳችም። ውሃ አልጠየቀችም። አንድ ጊዜ እንኳ ዓይኗን ስታርገበግብ አላየሁም።

ሲመሽ የበዓሉ አምፖሎች በሩ። እኔ መብራቱን ለማብራት ከበሩ መራቅ አልደፈርኩም።

ያኔ ቁልፉ ከውጭ ገባ። ዞረ። በሩ አንድ ጣት ያህል ተከፈተ።

«ዜፒ?»

አልነበረም።

ከወገቤ ዝቅ ብሎ፣ በክፍተቱ፣ አንዲት ትንሽ እጅ አየሁ። ጣቶቿ ላይ የራምላ ቀይ አሸዋ ተለጥፏል። ሰማያዊዋ ባልዲ ክንዷ ላይ ተንጠልጥላለች።

«እማዬ... ሴትዮዋ ቁልፉን ሰጥተውኝ ሄዱ። ብቻዬን መጣሁ...»

እጄን ልዘረጋ ስል ከኋላዬ፣ ጆሮዬ ሥር፣ ያው ድምፅ መጣ።

«እማዬ፣ አታስገቢያት።»

ዞርኩ። አንድ ትንፋሽ ያህል ነው የዞርኩት... አንድ ብቻ።

የውጭዋ ልጅ በክፍተቱ ወደ ውስጥ አጮለቀች። ከኋላዬ ያለችውን አየቻት። 

«እማዬ... ማን ናት?»

ትንሿ እጅ በሩን ሳበችው።

ቁልፉ ከውጭ ዞረ። አንዴ... ሁለቴ።

ልክ እንዳስተማርኳት።