የወንድሜ ክስና የጠበቃው ልብ

የአንድ ጠበቃ ቢሮ በር ላይ ተቀምጬ ደንበኛ የማስተናግደው እኔ ነኝ። ጠበቃው ይወደኝ ነበር። ፋይል ስሰጠው ዓይኑ እኔ ላይ እንጂ ፋይሉ ላይ አርፎ አያውቅም። እኔም አልጠላሁትም እንበል።

ችግሩ ታላቅ ወንድሜ ነው። ባለሱቅ ነው፤ ከጎረቤት ሳይካሰስ ውሎ አያድርም። ዛሬ በአጥር፣ ነገ በቦይ። «አማቼ!» እያለ ይገባና ጠዋቱን ሙሉ ይዞት ይውላል። ጠበቃው እሱን ካስቀየመ እኔን የሚያጣ እየመሰለው፣ የማይረባውን ክስ ሁሉ በነጻ ይይዝለታል። ከፍለው የሚሟገቱት ደንበኞች ወንበር ላይ አንቀላፍተው ይሄዳሉ። ቢሮው ሰው ሞልቶበት ገቢ የለውም። የቢሮው ጸሐፊም ሌላ ሥራ መፈለግ ጀምራለች።

አንድ ጠዋት ጠበቃው ክፍል ገባሁና በሩን ዘጋሁት።

«ይሄ ቢሮ ሊዘጋ ነው፤ ታውቃለህ?»

«ወንድምሽ እኮ ነው…»

«ወንድሜ መሆኑን ለኔ ትነግረኛለህ? ወይ ክሱን አልይዝም ትለዋለህ፣ ወይ እኔ ሥራ እለቃለሁ።»

እስክርቢቶውን ማዞር ጀመረ።

ወዲያው ወንድሜ በሩን በርግዶ ገባ። «አማቼ! ዛሬ ደግሞ የዚያ ሰውዬ ውሻ…»

ጠበቃው ተነሣ። «ጋሼ፣ የውሻውን ክስ አልይዝም። ለሌሎቹም ሌላ ጠበቃ ይፈልጉ።»

«እንዲህ ነው? እንግዲያው እህቴንም እርሳት!»

ጠበቃው ፊቱ አመድ መሰለ። ቃሉን ግን አላጠፈም። «አልይዝም፣ ጋሼ» አለ እንደገና።

ወንድሜ በሩን ደርግሞት ወጣ።

ጠበቃው ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። «አጣሁሽ በቃ።»

«ማን አሳጣህ?»

«ሲናገር አልሰማሽም?»

«ዓመት ሙሉ እሱን ስትለማመጥ እኔን አንድ ቀን ጠይቀኸኛል? ወይስ የምታገባው እሱን ነው?»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋና ቀና ብሎ አየኝ፤ ሳይፈራ እንዲያ አይቶኝ አያውቅም።

«ታገቢኛለሽ?»

«አገባሃለሁ። ወንድሜን ለኔ ተወው፤ ያኮርፋል እንጂ አይጨክንም።»

እጄን ያዘኝ። ደስ ቢለኝም ውጭ አንዲት እናት ተራ እየጠበቁ መቀመጣቸውን አልረሳሁም፤ ቀስ ብዬ አስለቀቅኩት።

«በል አሁን ሥራህን ሥራ» አልኩትና በሩን ከፈትኩ።

«ይግቡ፣ እናቴ።»