ተደብቄ አልነበብም

አድሪያንን ያወቅኩት እጅ ከፍንጅ ይዤው ነው።

ከብራይተን ወደ ለንደን በሚሄደው የጠዋት ባቡር ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ትልቁን ጋዜጣ ዘርግቷል። ያኔ ትልቁ ጋዜጣ የአልጋ ልብስ ያክል ነበር፤ ፓርላማውን፣ አክሲዮኑን በደቃቅ ፊደል ይዘረዝራል። ትንሹ ጋዜጣ ጭን ላይ ይበቃል፤ ፎቶው ሰፊ፣ ርዕሱ ከሩቅ የሚጮህ፣ እንደ አባቴ ያለ የአውቶቡስ ሹፌር በሁለት ፌርማታ መሃል የሚጨርሰው ነው። እኔ የምጽፈው በትንሹ ላይ ነው፤ አላፍርበትም።

ገጹን ሲገልጥ ከውስጡ ትንሹ ጋዜጣ ሹልክ ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ። የተገለጠው የእኔ ገጽ ነበር።

«ወድቆብህ ነው» አልኩት።

ጆሮው ቀላ። «የእኔ አይደለም።»

«ከጋዜጣህ ሆድ ሲወጣ አይቻለሁ። ልጅህን አትካድ!»

ሳቀ። «እሺ፣ የዚህችን ሴት ጽሑፍ ስለምወድ ነው። ግን እንዳታጋልጪኝ፤ እኔ የምሠራው ትልቁ ላይ ነው።»

«ብሬንዳ ትባላለች» አልኩና እጄን ዘረጋሁለት። «በጣም ደስ ብሏታል።»

በዚያ ክረምት ሳልፈልግ ወደድኩት። ላግባሽ ሲለኝም እሺ አልኩ።

አባቱ ሚስተር ሃርግሬቭ ትልቁን ጋዜጣ ለሃያ ዓመት በዋና አዘጋጅነት የመሩ ሰው ናቸው። እሑድ ምሳ ላይ የበግ ጥብሱን እየቆረጡ፣ «የት ነው የምትሠሪው?» አሉኝ።

አድሪያን ቀደመኝ። «ትጽፋለች፣ አባባ። ጋዜጣ ላይ።» ከዚያ ሳህኑ ላይ አቀረቀረ።

«ትንሹ ላይ» አልኩ።

ቢላዋው ቆመ። «ያ ጋዜጣ የዚህን ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም።»

«ዛሬ ረግጧል። ይኸው ድንችዎን እየበላ ነው።»

«የልጄ መታጨት እንደ ወጉ በጋዜጣችን እንዲወጣ ከፈለግሽ መጀመሪያ ሥራሽን ትለቂያለሽ» አሉ ረጋ ብለው።

አድሪያንን አየሁት። ዝም አለ። ከአባቱ ቃል ይልቅ የእሱ ዝምታ አንገበገበኝ።

በሩ ድረስ ተከተለኝ። «ብሬንዳ፣ ትንሽ ጊዜ ስጪኝ። ቀስ ብዬ አሳምናቸዋለሁ።»

«አንተ እኮ እኔንም በትልቁ ጋዜጣ ሸፍነህ ነው የምታነበኝ። አባቴ ጽሑፌን አውቶቡሱ ውስጥ ለሰው ሁሉ እያሳየ ነው የሚያነበው። እወድሃለሁ፤ ግን ተደብቄ አልነበብም!»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌላ ፉርጎ ተሳፈርኩ። አለቀስኩ። ሥራዬን ግን አልለቀቅኩም።

በአራተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ፉርጎው እንደ ልማዱ ጭጭ ብሎ ሁሉም ከየጋዜጣው ጀርባ ተደብቋል። አድሪያን መጣና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ትልቁን ጋዜጣ አልያዘም። ትንሹን ሰው ሁሉ እያየው ዘረጋና የማስታወቂያውን ገጽ ወደኔ አዞረው። ግማሹን ገጽ የሞላው የእሱ ፎቶ ነበር። ከበላዩ በደማቁ ተጽፏል፦ «ብሬንዳ፣ ፈሪ ነበርኩ። አሁንም ታገቢኛለሽ?» ከሥሩ ሙሉ ስሙ ከነአባቱ።

«አባትህ አይተውታል?» አልኩት።

«ጠዋት ከሚደርሳቸው ትልቁ ጋዜጣ ውስጥ ከትቼላቸዋለሁ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ከጎኔ የነበሩት ባለ ባርኔጣ ሽማግሌ ትልቁን ጋዜጣቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ እኔ ክሮይደን ወራጅ ነኝ። መልሱን ሳልሰማ አታስወርጂኝ።»

ተነስቼ ቆምኩ። እንደ ጋዜጣዬ ርዕስ ጮክ ብዬ፣ ፉርጎው ሁሉ እንዲሰማ ተናገርኩ።

«አገባዋለሁ! ሥራዬንም አልለቅም!»