እሁድ የተቀዳ ‹‹እንደምን አደርሽ››

ይህ ነገር በእኔው በራሴ ላይ የደረሰ ነው። አያምኑኝም ብዬ ብዙ ጊዜ ዝም ብያለሁ... ባታምኑኝም አልቀየምም።

ጨለማ እንዳትጠብቁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ፀሐይ ወጥቶ፣ ጎረቤቴ ልብስ እያሰጣች፣ እኔ በገዛ ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆሜ...

ከመነሻው ልጀምር።

ሥራዬ የዱቄት ፋብሪካ ማሽን መጠገን ነው። የአንዱን ከተማ ሳልጨርስ ሌላው ይጠራኛል። ባልደረቦቼ ‹‹ሰዓቱ›› ይሉኛል፤ ቀጠሮ አላሳልፍም፣ ዕቃ አልረሳም። የጉዞ ቦርሳዬ ቤት ስገባም አይፈታም። ለመንገድ ብቻ የሚሆን የጥርስ ብሩሽ፣ ቻርጀርና ፎጣ ሁልጊዜ ውስጡ አሉ። ሸሚዞቼ እንደሚለበሱበት ቀን ተራ ተጠቅልለው ይቀመጣሉ። መፍቻው፣ ፒንሳው፣ ትንሿ የዘይት ጣሳ ሳይቀሩ የየራሳቸው ኪስ አላቸው፤ ዓይኔን ጨፍኜ አገኛቸዋለሁ። አዲስ የተቀጠሩት ለመንገድ ሲሰናዱ የሚጠይቁት እኔን ነው።

እታለምን ግን ይህ ሁሉ አይደንቃትም። ታላቅ እህቴ ናት፤ ባለቤቴ ከሞተች ጀምሮ ልጄን የምታሳድግልኝ እሷ ናት። የኩሽናችን በር በተከፈተ ቁጥር ሲጢጥ ይላል። ዘይት ጠብ አድርግበት ትለኛለች፤ ነገ እላታለሁ። ‹‹የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች›› ብላ ትስቅብኛለች።

በዚህ ሁሉ ሥርዓት ውስጥ አልገባ ያለኝ አንድ ነገር ነበር... ልጄ።

እናቷ ከሞተች ወዲህ ጠዋት ድምፄን ሳትሰማ ከአልጋ አትወርድም። ጠዋት ደግሞ እኔ ማሽን ሥር ነኝ። ሳልደውል የቀረሁ ቀን ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ስታለቅስ ታረፍዳለች።

መላ ዘየድኩ። እሁድ እሁድ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ የሳምንቱን የድምፅ መልእክት ሁሉ ባንዴ እቀዳለሁ። ስልኩ በየማለዳው በሰዓቱ ወደ እታለም ስልክ ይልክልኛል።

‹‹እንደምን አደርሽ፣ የኔ ማር። ተነሺ። ፊትሽን ታጠቢ። ደህና ዋይ።››

ከዚያ እንደገና። ከዚያም እንደገና...

ስቀዳ ምንም አይሰማኝም ነበር። ለእኔ ብሎን እንደማጥበቅ ነው። ባለቤቴን ከቀበርኩ ጀምሮ ብዙ ነገር አይሰማኝም።

አንድ ቀን በሄድኩበት ከተማ ሳለሁ እታለም ደወለችልኝ።

‹‹የዛሬው መልእክትህ እንዴት ደስ ይላል። ለመሆኑ ጥርሷ መውለቁን ማን ነገረህ?››

ማንም አልነገረኝም።

የተላከውን ከፍቼ አዳመጥኩት። ድምፁ የእኔ ነው። ግን ረጅም ነው... ደግሞ ይስቃል። በወለቀው ጥርስሽ በኩል ፉጨት ሞክሪ ይላታል። እናትሽም ፉጨት ትወድ ነበር ይላታል። እኔ ስለ እናቷ አንስቼላት አላውቅም።

ከድምፁ ኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ሰማሁ።

ሲ...ጢ...ጥ።

የኩሽናችን በር ነው። እኔ ደግሞ የዚያን ሳምንት መልእክት የቀዳሁት ከቤት ርቄ፣ ሆቴል ክፍል ውስጥ ነው።

መፍራት ነበረብኝ። እውነቱን ልንገራችሁ? ቀናሁ።

የቀሩትን ቅጂዎች አንድም ሳላስቀር አጠፋኋቸው። በማግስቱ ጠዋት እታለም ደወለች፤ ልጅቷ የዛሬውን መልእክት ደጋግማ እየሰማች ከቤት አልወጣ አለችኝ ብላ ሳቀች።

ፍርሃት የገባኝ ያኔ ነው። ዕቃዬን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳገኘሁ ቦርሳው ውስጥ ጠቀጠቅኩት። መሣሪያዎቼን ስዳብስ እጄ ባዶ ኪስ ውስጥ ገባ።

የዘይት ጣሳዋ የለችም።

እኔ ዕቃ ጥዬ አላውቅም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ቤቴ ደረስኩ። ቁልፌን አስገብቼ ባዞርም በሩ አልከፈት አለ፤ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ለእታለም ደወልኩ።

‹‹የት ነሽ?››

‹‹ገበያ ነኛ። ደጅ ደርሻለሁ፣ አንቺ ሂጂ ብለህ ድምፅ ላክህልኝ አይደል እንዴ?››

ስልኩን ዘጋሁት። አንኳኳሁ። በበሩ መሐል ጠባብ መስታወት አለ፤ በዚያ በኩል ልጄ በባዶ እግሯ ስትመጣ አየኋት። በሩ ላይ ተለጥፋ አንሾካሾከች።

‹‹ማነው?››

‹‹እኔ ነኝ። አባትሽ።››

መቀርቀሪያውን አልነካችም።

‹‹ክፈቺልኝ፣ የኔ ማር።››

‹‹አባዬ አትክፈቺ ብሎኛል።››

‹‹መቼ?››

‹‹አሁን።›› ድምጿን ይበልጥ ዝቅ አደረገች። ‹‹ድምፁ እኔን የሚመስል ሰውዬ ይመጣል አለኝ። ግን ትንሽ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው አለኝ። ሌላ ነገር ጠይቂው አለኝ።››

‹‹ምን ልንገርሽ?››

‹‹ስለ እማዬ።››

አፌን ከፈትኩ። ስለ እናቷ የማውቀው ስንት ነገር አለ... አንዱም አልመጣልህ አለኝ። ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ የጠበቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

‹‹እንደምን አደርሽ፣ የኔ ማር›› አልኳት። ‹‹ተነሺ። ፊትሽን ታጠቢ...››

ከበሩ ወደ ኋላ አፈገፈገች። አላለቀሰችም። የማታውቀውን ሰው እንደምታይ አየችኝ።

ከጀርባዋ የኩሽናው በር ቀስ ብሎ ተከፈተ።

ሲጢጥ አላለም።

ማን እንደቆመ ከነበርኩበት አይታየኝም። እሷ ግን ዞረች፤ ቀና ብላም አየችው። በወለቀው ጥርሷ በኩል ፉጨት ሞከረች... ከኩሽናው ውስጥ በፉጨት መለሰላት። እየሳቀች ሮጣ ገባች።

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ። የድምፅ መልእክት ነው። የላከው ቁጥር የእኔው ነው።

‹‹እንደምን አደርክ›› አለኝ፣ በራሴ ድምፅ፣ እየተቻኮለ። ‹‹ተነስ። ፊትህን ታጠብ። ደህና ዋል።››