እትዬ ክልክል

«ወንበሩን ካነሳህበት መልስ!»

የስፌት መኪና ጠጋኙ እንቁላሉን እንደጎረሰ ቀጥ አለ። ወንበሩን የሳበው ፀሐይ ወደሚገባበት መስኮት ሁለት ክንድ ያህል ብቻ ነበር።

«እትዬ፣ ትንሽ በርዶኝ ነው…»

«የበረደው ሰው ካፖርት ይለብሳል። ወንበር ቦታ አለው። ቦታውን የሰጠኸው አንተ ነህ?»

«ኧረ አይደለሁም።»

«እንግዲያው አትንካው።»

ጠጋኙ እንደተቀጣ ተማሪ ወንበሩን እየጎተተ መለሰ። ሴትዮዋ ተከትለውት ሄደው መደገፊያውን ዳበሱ፤ ከግድግዳው ያለውን ርቀት በስንዝር ለኩ፤ ከዚያም የሰውየውን ፊት እስኪያሸቱት ድረስ ተጠግተው አፈጠጡበት። ሌሎቹ ሁለት እንግዶች አንገታቸውን ቀብረው ዳቦ ማኘካቸውን ቀጠሉ።

ልጅቷ ይህን ሁሉ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ሆና አየች። ሴትዮዋ አክስቷ ናቸው። ቤቱም የአክስቷ የእንግዳ ማረፊያ ነው፤ ስምንት ክፍል፣ አንድ ረጅም ኮሪደር፣ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ተኩል ብቻ የሚቀርብ ቁርስ። ከዱቄት ጣሳው ኋላ ደብተሯን አወጣችና «እትዬ ክልክል ወንበር በስንዝር ይለካሉ» ብላ ጻፈች። ይህ ለክፍል የምትጽፈው ድርሰት መጀመሪያ ይሆናል። ብቻዋን ሳቀች።

«አንቺ! ምን ያስገለፍጥሻል? ሻዩ ቀዘቀዘ!»

ጆሯቸው ግን ግሩም ነው።

እናቷ ሩቅ ከተማ ሥራ ስታገኝ «ለጥቂት ወር» ብላ ነበር እዚህ ያስቀመጠቻት። ጥቂት ወሩ ሁለት ዓመት ሆነ። እንግዳ ሲበዛ አክስቷ የልጅቷን አልጋ ለእንግዳ ይሰጡና እሷን ልብስ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ያስተኟታል። አንድ ጊዜ ትኩሳት ይዟት ሳለ ቀስቅሰው፣ አንሶላውን አሽትተው፣ ቀይረው፣ አንድ ወፍራም ነጋዴ አስተኙበት። «ትኩሳት ያለበት ሰው ጠረጴዛ ላይ ቢተኛ ይቀዘቅዝለታል» አሉ። ልጅቷ ይህንንም ጽፋዋለች። ክፍል ውስጥ ስታነበው ስለምትጮህ «ስፒከር» የምትባለው ጓደኛዋ በሳቅ ከወንበሯ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም።

አክስቷ ማስታወቂያ ይወዳሉ። ራሳቸው ግን አይጽፉም። «የእኔ ጽሕፈት የዶሮ ጭረት ነው» ይሉና ለልጅቷ ይነግሯታል፤ እሷ በወፍራም ማርከር ጽፋ ኮሪደሩ ላይ ትለጥፋለች። በዚያ የትኩሳት ሌሊት ማግስት፣ ወገቧን ጠረጴዛው እንደቆረጠማት፣ «ውኃ በቁጠባ ተጠቀሙ ብለሽ ጻፊ» አሏት። እልህ ያዛትና «እዚህ ገላ አይታጠቡም፤ ቤታችሁ ታጥባችሁ ኑ» ብላ ጻፈች። አክስቷ ወረቀቱን ተቀበሉ። ወደ ፊታቸው አስጠጉት፣ አራቁት። ልጅቷ ጥፊ ጠበቀች።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ለጥፊው።»

ያኔ ገባት። አክስቷ ፊደል አይታያቸውም፤ አይታየኝም ብለው ደግሞ ለማንም አይናገሩም። ልጅቷ ወረቀቱን ቀድዳ በሌላ መተካት ትችል ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለተኛውን ጻፈች። «ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ማንኮራፋት ክልክል ነው። ያንኮራፋ በአፍንጫው ይጠየቃል።» ቀጥሎ ሦስተኛውን። «ቁርስ አንድ እንቁላል ነው። ሁለተኛ የፈለገ ዶሮዋን ይጠይቅ።» አሁን አሥር ደርሰዋል። እንግዶች እየተጠቃቀሱ በስልካቸው ያነሷቸዋል። አክስቷ የስልኩን «ቀጭ» ሲሰሙ አገጫቸውን ቀና ያደርጋሉ።

«አየሽ? ሥርዓት ያለውን ቤት ሰው ያደንቃል።»

«አዎ፣ አክስቴ» ትላለች ልጅቷ፣ ከንፈሯን ነክሳ።

ድርሰቷን ስታነብ ክፍሉ በሙሉ ሲንጫጫ የሥነ ጽሑፍ መምህሩ ግን ስቆ ስቆ ድንገት አቆመ።

«ይህቺ እትዬ ክልክል በእውነት ያለች ሴት ናት?»

«የለችም፣ ቲቸር። ፈጠራ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እንደሷ ያለ ሰው በእውነት ይኖራል ብለው ነው?»

ማረፊያ ቤቱን የሚያውቁት ተማሪዎች ከሌሎቹ ይበልጥ ሳቁ።

ድርሰቱ ከተመረጡት ሦስቱ አንዱ ሆነ። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ወላጆች ፊት ይነበባል፤ አንደኛ የወጣው አዳሪ ትምህርት ቤት ይገባል፤ ተራው ሲደርስ ያልተገኘ ዕድሉ ያልፈዋል። የመጀመሪያዋ አንባቢ እሷ ነች። የአዳሪ ትምህርት ቤቱን መኝታ ክፍል በፎቶ አይታዋለች። በሁለት ረድፍ የተደረደሩ የብረት አልጋዎች፣ እያንዳንዳቸው ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ፎቶው ላይ ያለችውን አሥራ ሰባት ቁጥር ለራሷ መርጣለች።

ችግሩ የስፒከር አፍ ነበር። ሐሙስ ዕለት ደብተር ልትዋስ መጥታ ኮሪደሩ ላይ «ቀለሜዋ፣ ቅዳሜ መድረኩን ታነጂዋለሽ በቃ! አዳሪ ገባሽ በያት!» ብላ ጮኸች።

«የምን መድረክ?» አሉ አክስቷ ከአንዱ ክፍል ብቅ ብለው።

«አልነገረችዎትም እንዴ? ድርሰቷ ተመርጦ! ወላጅ ሁሉ ተጠርቷል።»

አክስቷ በእጃቸው የያዙትን ትራስ መታ መታ አደረጉ።

«እኔ ወላጅ አይደለሁም» አሉ። ትራሱን አቅፈው ደግሞ፣ «ስንት ሰዓት ነው?»

ሲሄዱ ልጅቷ የስፒከርን ክንድ ቆነጠጠች። «ምን ነካሽ? አለቀልኝ!»

«ምን አለቀልሽ? ፊት ለፊት እናስቀምጣታለና! ሰው አንዴ አንቺን፣ አንዴ እሷን እያየ… ከዚህ በላይ ኮሜዲ ከየት ይመጣል?»

ልጅቷ ልትቆጣ ፈልጋ ነበር። ግን ሥዕሉ በዓይኗ መጣና እሷም ሳቀች።

ዓርብ ማታ አክስቷ ለዓመታት ከሣጥን ያልወጣ ቀሚስ አውጥተው አስተኮሷት።

«ድርሰቱ ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ አንዲት ሴትዮ።»

«ጨዋ ናት?»

«ታስቃለች።»

«ጥሩ ነው። ሰው መሳቅ አለበት» አሉ፣ ራሳቸው ሳይስቁ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ አሥራ አንደኛውን ማስታወቂያ ከወጥ ቤቱ በር በላይ ለጠፈች። ቁመቷ ስላልደረሰ የወጥ ቤቱን ወንበር አውጥታ ቆመችበት። ገና ስትጨርስ ሻዩ ገነፈለ። ወርዳ ሮጠች። ወንበሩ ኮሪደሩ መሐል ቀረ።

አክስቷ ሦስት እንቁላልና ሦስት ብርጭቆ ሻይ ትሪ ላይ ይዘው፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ፈጠን ብለው ከወጥ ቤቱ ወጡ። እግራቸው ወንበሩን መታ። ትሪው ቀድሟቸው በረረ። ከዚያ እሳቸው።

ከምግብ ቤቱ መጀመሪያ ሳቁን ያፈነዳው ጠጋኙ ነበር።

«እትዬ! ወንበር ቦታ አለው አላሉም እንዴ?»

ሁለቱ እንግዶችም ሳቁ። ልጅቷም ሳቀች። በኋላ ይህን ለራሷ ለመካድ ሞክራለች፤ ግን ሳቀች።

አክስቷ ተንበርክከው የወደቀውን መሰብሰብ ጀመሩ። ማንኪያው ጉልበታቸው አጠገብ ነበር። እጃቸው በግራው አለፈ። በቀኙ አለፈ። የተሰበረ ብርጭቆ ዳበሱ፤ ጣታቸው ደማ፤ መድማቱንም አላወቁም፣ እንቁላሉን በደም እየቀቡ ወለሉን ማሰስ ቀጠሉ። ልጅቷ ሳቋን ዋጠች። አይታያቸውም የምትለው ፊደል ብቻ ነበር። ማንኪያ? ወንበር? የሰው ፊት? በስንዝር የሚለካው ርቀት፣ የሚሸተተው አንሶላ፣ ማፍጠጡ… ደብተሯ ውስጥ ያሉት ቀልዶች አንድ በአንድ ተመልሰው መጡ። አንዱም አላሳቀ።

ሮጣ ክንዳቸውን ያዘች። አክስቷ ወደ ጆሮዋ ተጠጉ።

«አወቁብኝ?» አሉ በሹክሹክታ። «ካወቁ አለቀልኝ። ዓይኗን ያጣች ሴት ቤት ማን ያርፋል?»

«አላወቁም።»

አክስቷ ቀና አሉና ድምፃቸው ተመለሰ። «ይህን ወንበር እዚህ ያመጣው ማነው?»

ልጅቷ ወደ እንግዶቹ ዞረች። ጠጋኙ አሁንም ዓይኑን እየጠረገ ነው።

«እ… እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። ጠጋኙ።»

«እኔ? አንቺ ቀጣፊ!»

«ሻንጣህን አውጣ!» አሉ አክስቷ። «አሁኑኑ!»

ሰውየው ምሎ ተገዝቶ አልሆነለትም። ሻንጣውን እየጎተተ ኮሪደሩን ሲያልፍ ቆም አለ። «እትዬ፣ እነዚህን ወረቀቶች ራስዎ አንብበዋቸው ያውቃሉ?»

«እኔ ነኝ ያስጻፍኳቸው!»

«እንግዲያው ስለ ዶሮዋ ይጠይቋታ» ብሎ በአገጩ ወደ ልጅቷ አመለከተና በሩን ዘግቶ ወጣ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አክስቷ የተተኮሰውን ቀሚስ ለብሰው፣ ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ኮሪደሩ ላይ ቆመው ነበር። ትምህርት ቤቱ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ልጅቷ ደብተሯን ይዛ ወጣች።

«አንቺ፣ ነይ። ሰውየው ምን ማለቱ ነው? የቱ ዶሮ?»

«ዝም ብሎ ነው። ተናዶ።»

አክስቷ ግድግዳውን በመዳፋቸው አሰሱና አንድ ወረቀት አገኙ። ጣታቸውን ጫኑበት። «አንብቢልኝ።»

የዶሮዋ ወረቀት ነበር። ልጅቷ አክስቷ ያን ቀን የነገሯትን በቃሏ ታውቀዋለች፤ «ቁርስ በሰዓቱ ይቀርባል፤ እናመሰግናለን።» ቀላል ነው። ይህን ትላለች፣ ይወጣሉ፣ መድረኩ ላይ ደግሞ… መድረኩ ላይስ? ወይም በመንገድ አንድ ሰበብ ትፈጥርና እሳቸውን ከቤት ታስቀራቸዋለች። በሁለት ዓመት ውስጥ ሰበብ ቸግሯት አያውቅም።

«ምነው ዘጋሽ?»

«ቁርስ አንድ እንቁላል ነው» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ። «ሁለተኛ የፈለገ… ዶሮዋን ይጠይቅ።»

አክስቷ ጣታቸውን ከወረቀቱ ላይ አላነሱም።

«እኔ እንዲህ አላልኩም።»

«አላሉም።»

«ስንት ናቸው?»

«አሥራ አንድ።»

«ሰዎቹ ፎቶ የሚያነሱት…»

«አዎ።»

የአክስቷ አገጭ ቀና እንዳለ ቀረ፤ እንደለመደው። «ቀጥይ» አሉ።

አንድ በአንድ አነበበችላቸው። አክስቷ እጃቸውን በግድግዳው ላይ እያንሸራተቱ አጠገቧ ይሄዳሉ። አፍንጫው የሚጠየቅበት ጋ ሲደርሱ የከንፈራቸው ጫፍ ተንቀሳቀሰ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ፣ ልጅቷ ማወቅ አልቻለችም። የመጨረሻው ከወጥ ቤቱ በር በላይ ነበር፤ ገና ማርከሩ ይሸታል።

«ባለቤቷን ማሳቅ ክልክል ነው። ሊሰበሩ ይችላሉ።»

«ይኸኛው መቼ ተጻፈ?»

«ዛሬ ጠዋት። ሳይወድቁ በፊት። ወንበሩንም… ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«እሱን አውቄዋለሁ። ስዳብሰው የወጥ ቤቱ ነበር። ጠጋኙ ወጥ ቤት ገብቶ አያውቅም።»

«ታዲያ ለምን አባረሩት?»

«ስቋላ።»

«እኔም ስቄያለሁ።»

«የአንቺንም ሰምቼዋለሁ» አሉ አክስቷ።

ከምግብ ቤቱ የግድግዳው ሰዓት ይሰማል። አክስቷ የቀሚሳቸውን ቁልፍ ከአንገታቸው ላይ ፈቱ፤ አንድ፣ ከዚያ ሌላ።

«የምታስቀው ሴትዮ እኔ ነኝ አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ሂጂ። አንብቢላቸው። አልጋም ይስጡሽ። እኔ አልመጣም፤ እዚያ ሆነው ሲስቁ መስማት አልፈልግም። ስትመለሺ ግን እነዚህን ወረቀቶች ግድግዳው ላይ እንዳላገኛቸው። ሂጂ፣ ይረፍድብሻል።»

ልጅቷ ወደ ውጪው በር ሄደች። መዝጊያውን ከፈተች። መንገዱ ባዶ ነው፤ ከሮጠች ትደርሳለች። አሥራ ሰባት ቁጥር።

በሩን መልሳ ዘጋችው።

የወጥ ቤቱን ወንበር አነሳች። ቦታው ከግድግዳው ሁለት ስንዝር ነው፤ ራሷ ጽፋዋለች። በእጇ ለካች፣ አስቀመጠችው፣ የአክስቷን እጅ ይዛ መደገፊያው ላይ አደረገችው።

«ምንድን ነው?»

«ይቀመጡ። ረጅም ነው።»

አክስቷ ወንበሩን ዳበሱ፣ ከግድግዳው ያለውን ርቀት በስንዝር ለኩ፣ ተቀመጡ። ልጅቷ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ደብተሯን ገለጠች። ሰዓቱ ስምንት ሊል ሩብ ቀርቶታል።

«እትዬ ክልክል ወንበር በስንዝር ይለካሉ» ብላ አነበበችና ቀና ብላ አየቻቸው።

አልተነሱም።

ወደሚቀጥለው መስመር አለፈች።