የሚቀላውና የማይቀላው

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም፣ ሰው ሲያወራልኝ እንኳ «ሙቀቱ ነው» ብዬ የምስቅ ነኝ፣ የጁባ ሙቀት ደግሞ ስንቱን እንደሚያስቀባጥር የኖረበት ያውቀዋል። ብቻ ስሙኝ።

ሥራዬ እንጨት ላይ የሚበቅሉ እንጉዳዮችን ማጥናት ነበር። ጋምቤላ አድጎ አማርኛ ከሚያቀላጥፈው ባልደረባዬ ከቾል ጋር፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ጫካ ውስጥ ሁለት የሚቀራረቡ ዝርያዎችን እናወዳድር ነበር። ከላይ ስታዩአቸው አንድ ናቸው፣ ቡናማ፣ ግንዱ ላይ እንደ ጆሮ የተለጠፉ። አንደኛው ግን ወድቆ የበሰበሰ ግንድ ይበቃዋል፣ ሌላኛው በቁሙ ካረጀ የማሆጋኒ ዛፍ በቀር አይበቅልም፣ ሆዱን በጥፍር ስትጭሩትም ደም መስሎ ይቀላል፣ ያውም እርጥብ ሳለ ነው፣ ከደረቀ ወዲያ ብትፍቁት ምንም አይል። ዛፉ ለከሰልና ለጣውላ ስለሚቆረጥ ሁለቱም እየጠፉ ነው፣ የሚቀላውን ግን ያገኘነው አንድ ዛፍ ላይ ብቻ ነበር።

ያንን ዛፍ ጣውላ ቆራጮች ሲቆርጡ ቾል ተዉ ብሎ ሊለምናቸው ሄደ፣ ዛፉ ወደቀበት፣ ሞተ። አለቃዬ «ማሌሽ» አለኝ፣ ምን ይደረግ እንደማለት ነው፣ ቀብሩ ሳይረሳም ሁለቱ አንድ ዝርያ ናቸው ብለሽ ሪፖርት ጻፊ አለኝ። አንድ ከሆኑ የቀረውን ጫካ መቁረጡን የሚከለክል የለማ።

እሑድ ከሰዓት ጁባ ሙኑኪ ሰፈር የተከራየሁት ክፍል ቁጭ ብዬ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንዳለኝ ልጽፍለት ነበር፣ ከኋላዬ መደርደሪያው ላይ የሆነ ነገር ሲጫጫር ሰማሁ። አይጥ ነው ብዬ ተውኩት። ደገመ፣ ቀስ ብሎ፣ ልክ ጥፍር ቅርፊት ላይ እንደሚሄድ። ብዞር ማንም የለም፣ ከዚያ ዛፍ ለናሙና ያመጣነው፣ ከወራት በፊት የደረቀው እንጉዳይ ግን ተገልብጧል፣ ሆዱ ላይ አዲስ ጭረት አለ፣ ቀይ፣ እርጥብ። እመኑኝ፣ ብነካው ጣቴ ቀላ።

በሩ ተንኳኳ። አከራዬ ጽጌ ናት፣ ቾልን በዓይኗ አይታው አታውቅም።

«እንግዳሽ ምሳ ይበላል ወይ?» አለችኝ።

«የምን እንግዳ?»

«አሁን የገባው ረጅሙ ልጅ ነዋ። በአማርኛ ሰላም ብሎኝ፣ ሁለቱን አንድ እንዳታደርጋቸው ንገሪያት አለኝ፣ ምን ማለቱ እንደሆነ እንጃ።»

ሁለት ናቸው ብዬ ጻፍኩ። ከሥራ አስወጡኝ፣ ሪፖርቱን ሌላ ሰው እንደገና ጻፈው፣ ጫካውም አለቀ፣ ያው ነው። ቤቱንም ለቀቅኩ። በቀደም ጽጌ ደወለችልኝ፣ ልጁ ከሰዓት ከሰዓት እየመጣ በሩ ላይ ይቆማል፣ አዲሷን ተከራይ የት ሄደች እያለ ይጠይቃታል፣ አድራሻሽን ልስጠው ወይ አለችኝ።