አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ

በእኛ ሙያ አንድ ሕግ አለ፤ ያልታየ ብልሽት አይጠገንም። ማሽኑ ደህና እየሠራ ብትበታትነው ጤነኛውን ታሳምመዋለህ እንጂ በሽታውን አታገኘውም። ቁጭ ብሎ እስኪታመም መጠበቅ ነው። እኔን ጉድ የሠራኝም ይኸው ሕግ ነው።

ኮምፒውተሩን ያመጣው አንድ ቀያሽ ነው። መሬት ሲለካ ፀሐይ ያጠቆረው፣ በሬን ጎንበስ ብሎ የሚገባ ረጅም ሰው። ማሽኑ በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ስክሪኑ ከነአካሉ አንድ ላይ የተገጠመ፣ አረንጓዴ ፊደል የሚያወጣ ዓይነት። እንደ ሕፃን አቅፎ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው።

«የአባቴ ነው» አለ። «ከሥራ ሲመለስ ይጽፍበት ነበር። ምን እንደጻፈ ማናችንም አናውቅም። እናቴ ዓይኗ ሳይብስባት ልታነበው ትፈልጋለች።»

«አንተ አታነብላትም?»

«ባሌ የጻፈውን ራሴ ላንብብ አለች። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ዓይኗን ስፌቱ ጨረሰው። በቀስታ ነው የምታነበው፤ ሁለት መስመር ሳትጨርስ ደግሞ ፊደሉ ያብዳል።»

አበራሁትና ሰዓቴን አየሁ። በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ፊደሎቹ ከላይኛው መስመር ጀምረው እየተለዋወጡ፣ ስክሪኑ ሙሉ ዝብርቅርቅ ሆነ። ሲሞቅ የሚመጣ ብልሽት ነው። አጥፍቶ አንድ ሰዓት ማቀዝቀዝ፣ እንደገና ማብራት፣ እንደገና መጠበቅ ያስፈልጋል።

«ጊዜ ይፈጃል» አልኩት። «ትተኸው ሂድ።»

«የአንድ ወር እረፍት ላይ ነኝ። ብቀመጥ ይከፋሻል?»

ለደንበኛ ያለኝ አንድ ወንበር ነው። አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ይወዛወዛል፤ አምስት ደቂቃ የቆየበት ሰው የለም። ቀያሹ ተቀመጠ፣ ተወዛወዘ፣ አልተነሣም።

ማሽኑ የዳነ ዕለት እናቱን ይዞ ወደ ሥራው ቦታ እንደሚመለስ የነገረኝ በዚያው ቀን ነው። የሁለት ቀን መንገድ ነው። ምን አገባኝ አልኩ በሆዴ።

በሦስተኛው ቀን ፊደሎቹ እንዳበዱ፣ በአልኮል የራሰ ጥጥ ይዤ ቦርዱ ላይ የተደረደሩትን ቺፖች አንድ በአንድ ማቀዝቀዝ ጀመርኩ። እሱ አጉሊ መነጽር ያለውን መብራቴን ይዞልኛል። ትንፋሹ ጆሮዬ ሥር ነበር። ሰባተኛው ቺፕ ላይ ጥጡን ሳስነካ ፊደሎቹ ወደየቦታቸው ተመለሱ። ምትኩ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

«አገኘሽው?» አለ።

ቀና ብዬ አየሁት። «ገና ነው» አልኩ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

ስድስት ቀን እንዲህ ቆየን። በቀን ሦስት ጊዜ አበራለሁ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንጠብቃለን።

«መሬት ስትለካ ሰው አይጣላህም?»

«ይጣላል እንጂ! አንድ ስንዝር ለጎረቤት ከሄደ እናቴን ሳይቀር ይሰድቧታል።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እናቴ ደህና ናት፣ ሰላም ብላችኋለች እላለሁ።»

ስስቅ ያየኛል፤ ሲያየኝ ወደ ስክሪኑ እዞራለሁ። ከዚያ ፊደሎቹ ያብዳሉ፤ እኔም በሰው ብልሽት ደስ ይለኛል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ ግን በየቀኑ ይከብደኝ ነበር፤ እወደው ነበርና።

በዘጠነኛው ቀን እናቱን ይዞ መጣ። ባለፈው ሳምንት ብቻቸውን ገበያ ይሄዳሉ ብሎ የነገረኝ ሴት የበሩን መቃን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ገቡ። ጠረጴዛውንም በእጃቸው ፈልገው ነው ያገኙት።

ምንም ሳልናገር መሳቢያዬን ከፈትኩ። አሮጌውን ቺፕ ነቅዬ አዲሱን ተከልኩ። አበራሁት። አሥራ ሁለት ደቂቃ አለፈ፣ ሃያ አለፈ፤ ፊደሎቹ ንቅንቅ አላሉም።

እናትየው አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ ተጠጉ። ብዙ ቆዩ።

«አረንጓዴ መሆኑን አያለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ፊደሉ ግን የለም።»

«እማማ» አልኩ፣ «ከስድስት ቀን በፊት መጠገን እችል ነበር። አውቄ ነው ያዘገየሁት።»

«ስድስት ቀን» አሉ ለራሳቸው። «ለምን?»

ከኋላዬ ቀያሹ የተቀመጠበት ወንበር ተንቋቋ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ፤ ከዚያ ወደ እኔ መለሱት።

«እህ» አሉ። «በይ አንብቢልኝ።»

አነበብኩ። «የጣራው ቆርቆሮ ተቀይሯል። የልጁ ጫማ ጠቦታል። እሷ ዛሬም በዚያ ደብዛዛ መብራት ስትሰፋ ዋለች፤ ዓይኗን እየጨረሰችው ነው። ነገ ደህና መብራት እገዛላታለሁ።»

«ነገ፣ ነገ ሲል ሞተ» አሉ፤ ስክሪኑንም በመዳፋቸው ዳበሱት። «ማሽኑ አንቺ ጋ ይቀመጥ። ለእኔ አይጠቅመኝም። እሁድ እሁድ እደውላለሁ፤ አንድ አንድ ገጽ ታነቢልኛለሽ።»

ቀያሹ በር ላይ ወደ ኋላ ቀረ።

«አውቄ ነበር» አለኝ። «ሦስተኛው ቀን፣ ጥጡን ስታስነኪው ፊደሉ ሲመለስ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ወንበሩ ተመችቶኝ።»

ሁለታችንም ልንስቅ ሞከርን፤ አልሆነልንም።

«ከእናቴ ዓይን ላይ ነው የሰረቅነው» አለ። ይቅርታ ማን ማንን እንደሚጠይቅ ጠፋብን። በሩን ጎንበስ ብሎ ወጣ።

እነሱ ከሄዱ ወዲህ እሁድ እሁድ በስልክ አነባለሁ። ቆርቆሮ፣ ጫማ፣ የዝናብ መጠን፣ ያልተገዛው መብራት። እናትየው «እሺ፣ ቀጥይ» ይላሉ። ከኋላቸው ሌላ ሰው መኖሩን በትንፋሹ አውቃለሁ፤ ስልኩን ግን አንድም ቀን አልተቀበለም። እኔም ልጅዎን ያገናኙኝ ለማለት ምን ፊት ነበረኝ? ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ያንን ትንፋሽ እጠብቃለሁ።

በሠላሳ አራተኛው እሁድ አንድ ገጽ ብቻ ቀረ። ገጹን ለሁለት ብከፍለው፣ ለሦስት ብከፍለው ማን ያውቃል? ይህን ሳስብ ፊቴ ጋለ።

«እማማ» አልኩ፣ «የቀረው አንድ ገጽ ነው። አሁን ላንብብልዎትና ይለቅ።»

«ተይው» አሉ። «እዚህ መጥተሽ ታነቢዋለሽ። ማሽኑንም በጭነት እንዳትልኪው፤ ይሰበራል። አንቺው ይዘሽው ነይ።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ሰማሁ። ያ ትንፋሽ ቀረበ።

«ቤት ውስጥ ደህና ወንበር ነበረን» አለ ቀያሹ። «ትናንት አንድ እግሩን አሳጠርኩት።»